የቶርኖ ቤት ትርፍ ከምን ይገኛል?

ስለ ብረት ቆረጣ ወጪ፣ ስለ ስለት ዋጋና ስለ ጊዜ አጠቃቀም

ብረትን በቶርኖ፣ በፍሬዛና በትራፓን እየቆረጠ መለዋወጫ የሚያወጣ የሥራ ቤት ባለቤት ትርፉ ባነሰበት ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ የዕቃውን መሸጫ ዋጋ ከፍ ማድረግ፣ ወይ መቁረጫ ስለቱን በርካሽ ከሚሸጥለት ነጋዴ መግዛት። ስለቱን ከውጭ አገር የሚያስመጣውም ነጋዴ በበኩሉ ደንበኛው የሚጠይቀው የዋጋ ቅናሽ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሁሉ የረከሰውን ዕቃ ፈልጎ ለማምጣት ይደክማል። እነዚህ አሳቦች ፈጽሞ ስሕተት ናቸው አይባልም። ነገር ግን ሂሳቡ ተዘርዝሮ በወረቀት ላይ ሲቀመጥ፣ የሥራ ቤቱ ትርፍ በአብዛኛው የሚጠፋው በስለቱ ዋጋ ሳይሆን፣ ማንም በመዝገብ በማያገባው በጊዜ ውስጥ መሆኑ ይታያል።

ይህ ጉዳይ ባለ ቶርኖውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። መኪናውን፣ ስለቱንና የመቁረጫውን ዘይት የሚያስመጣው፣ ከሥራ ቤቱ የወጣውን ዕቃ በሱቁ አስቀምጦ የሚሸጠውም ነጋዴ ገበያው የሚሰፋለት ደንበኛው ሲያተርፍ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው ማየት ይጠቅማል። (የውጭ አገር ታሪክ ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የብረት ቆረጣን ወጪ በሥርዐት የመረመሩት ሰው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሚስተር ፍሬድሪክ ዊንስሎው ቴይለር ናቸው። ሚስተር ቴይለር በ1878 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ በሚገኘው በሚድቬል የብረት ፋብሪካ በዝቅተኛ ሠራተኛነት ገብተው ብዙም ሳይቆዩ በሠራተኞች ላይ አለቃ ሆኑ። በዚያም ዘመን እያንዳንዱ ባለ ቶርኖ ስለቱን በገዛ ራሱ ልማድ ይስል፣ መኪናውንም በመሰለው ፍጥነት ያሽከረክር ነበር። የትኛው ስለት፣ በምን ያህል ፍጥነት፣ በምን ያህል እርምጃ ቢሠራ እንደሚሻል ቢጠየቅ በእርግጥ የሚመልስ ሰው አልነበረም። ሚስተር ቴይለር የፋብሪካውን ባለሥልጣን አስፈቅደው ምርመራውን ሲጀምሩ በስድስት ወር ያልቃል ብለው ነበር፤ የፈጀው ግን 26 ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ30,000 በላይ ሙከራዎች በመዝገብ ተጻፉ፤ ከ800,000 ፓውንድ በላይ የሚሆን፣ ማለት ከ360 ቶን የሚበልጥ ብረትም ወደ ፍቅፋቂ ተለወጠ። ውጤቱን በ1906 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በንግግር አቀረቡ።

ከግኝቶቹ አንዳንዶቹ እጅግ ቀላል ነበሩ። ፍቅፋቂው ከስለቱ በሚለይበት ስፍራ ላይ ብዙ ውሃ ሳይቋረጥ ቢፈስበት የመቁረጫው ፍጥነት ከመቶ ከ30 እስከ 40 እጅ ሊጨምር እንደሚችል ተረጋገጠ። ሚድቬልም ለዚሁ ሲባል በ1884 ዓ.ም. ባሠራው አዲስ የሥራ ቤት ለያንዳንዱ መኪና ውሃ የሚያደርስ ቧንቧ አስገባ። የሚያስደንቀው ነገር፣ ፋብሪካው ለማንም ክፍት ሆኖ ሳለ ተወዳዳሪዎቹ ይህንን ሳይቀዱ ብዙ ዓመታት ማለፋቸው ነው። በዛሬውም ጊዜ የማቀዝቀዣ ፓምፑ ተበላሽቶ ወራት የቆየበት፣ ሠራተኛውም ዘይቱን ከጣሳ በብሩሽ የሚቀባበት ቶርኖ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ግኝት በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ ከሚስተር ማውንሰል ኋይት ጋር በ1898 ዓ.ም. የተገኘው ነው። አንጥረኞች ሁሉ የስለት ብረት ከመጠን በላይ ከጋለ ይበላሻል ብለው ያምኑ ነበር፤ እነርሱ ግን ተንግስተንና ክሮሚየም ያለበትን ብረት ሊቀልጥ እስኪቃረብ ድረስ አግለው ቢያቀዘቅዙት፣ ጫፉ እስኪቀላ ድረስ ቢግል እንኳ ስለቱ እንደማይዶለዱም አሳዩ። በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ በተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን ይህ ስለት ሲሠራ ያዩ የፋብሪካ ሰዎች እጅግ ተደነቁ። ሃይ ስፒድ እየተባለ እስካሁን በየሱቁ የሚሸጠው ብረት ትውልዱ ይህ ነው። ከዚህ በኋላ በ1927 ዓ.ም. የጀርመኑ ክሩፕ ኩባንያ ቪዲያ የተባለውን የካርባይድ ስለት በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ አቀረበ፤ ስሙም በጀርመንኛ «እንደ አልማዝ» ከሚለው የተወሰደ ነው። ዛሬ ኢንሰርት እየተባለ በትንሽ ሣጥን የሚሸጠው ተለዋጭ ስለት የዚሁ ልጅ ነው።

ሚስተር ቴይለር በሰዓት መለኪያ ሥራን በመመጠናቸው ከሠራተኞች ጋር ብዙ ክርክር ገጥሟቸዋል፤ በ1911 ዓ.ም. በዎተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አድማ እስከ መነሣት፣ የአሜሪካም ምክር ቤት ጉዳዩን እስከ መመርመር ደርሷል። ስለዚህ ሰዓት ይዞ ወደ ሠራተኛው አጠገብ የሚቆም ባለቤት አስቀድሞ ምክንያቱን ቢያስረዳ፣ ከሚገኘውም ጥቅም ድርሻ ቢሰጥ ብልህነት ነው። ከግኝቶቻቸው ሁሉ ለትርፍ ሂሳብ የሚበልጠው ግን የስለት ዕድሜ ሕግ ነው። ይህም ሕግ በአጭሩ እንዲህ ይላል፤ ፍጥነት ጥቂት ሲጨምር የስለቱ ዕድሜ በብዙ ይቀንሳል። በካርባይድ ስለት ሲሠራ ፍጥነቱ ከመቶ 20 እጅ ቢጨምር የስለቱ ዕድሜ በግምት ከግማሽ በታች ይወርዳል። በሃይ ስፒድ ሲሆን ደግሞ ከቀድሞው ዕድሜ አንድ አራተኛ እንኳ አይቀርም።

ይህ ሕግ በብር ሲተረጐም ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተቀመጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ባለቤት በራሱ መዝገብ ቁጥር ሊተካቸው ይገባል። አንድ የሥራ ቤት ለወፍጮ የሚሆን የብረት ዘንግ በቶርኖ እያወጣ አንዱን በ500 ብር ይሸጣል እንበል። የብረቱ ዋጋ 250 ብር ነው። የመኪናው፣ የሠራተኛው፣ የቤት ኪራዩና የመብራቱ ወጪ ተደምሮ በሰዓት 600 ብር፣ ማለት በደቂቃ 10 ብር ይሆናል። ስለቱ ብረቱን የሚቆርጥበት ጊዜ 8 ደቂቃ ነው። ብረቱን ለማሰር፣ ለመፍታትና ለመለካት 7 ደቂቃ ይፈጃል። መኪናውን ለአዲስ ሥራ ለማዘጋጀት 60 ደቂቃ ስለሚፈጅና በአንድ ዝግጅት 20 ዘንጎች ስለሚወጡ፣ ለአንዱ 3 ደቂቃ ይደርሰዋል። አራት ጫፍ ያለው ኢንሰርት በ480 ብር ይገዛል፤ ስለዚህ አንዱ ጫፍ 120 ብር ነው። አንዱ ጫፍ 40 ደቂቃ ሲቆርጥ አምስት ዘንግ ያወጣል፤ ጫፉን ለመለወጥም 2 ደቂቃ ተኩል ያስፈልጋል።

ሲደመር አንዱ ዘንግ 18 ደቂቃ ተኩል፣ ማለት 185 ብር ይወስዳል፤ ለስለት 24 ብር ሲጨመር 209 ብር፣ ከብረቱ ዋጋ ጋር 459 ብር ይሆናል። ትርፉ 41 ብር ብቻ ነው።

አሁን ባለቤቱ ከአስመጪው ጋር ተከራክሮ ስለቱን ከመቶ 25 እጅ በቅናሽ ቢያገኝ የሚተርፈው በአንድ ዘንግ 6 ብር ነው። በዚያው ዋጋ እጥፍ ዕድሜ ያለው ስለት ቢያገኝ እንኳ፣ ይህም ዘወትር የሚገኝ ዕድል አይደለም፣ ጥቅሙ ከ15 ብር አይደርስም። እንግዲህ የቅናሹ ክርክር ከሚፈጀው ድካም ጋር ሲመዛዘን ብዙ አይደለም።

ታዲያ መኪናውን ማፍጠን ነውን? ብዙ ባለሙያ ይህን ይመክራል፤ የስለት ፋብሪካዎችም የሚያትሙት መጽሐፍ ከፍተኛ ፍጥነትን ያመለክታል። እዚህ ላይ ግን ነጋዴውም ባለ ሥራ ቤቱም ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል። በእነዚህ መጽሐፎች የሚገኘው ፍጥነት ብዙ ጊዜ የተሰላው አንድ ጫፍ 15 ደቂቃ ያህል ቆርጦ እንዲጣል ታስቦ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የሥራ ቤት ይህን ምክር ቢከተል፣ መቁረጫው ጊዜ ከ8 ደቂቃ ወደ 6 ደቂቃ ከሩብ ይወርዳል፤ በአንድ ጫፍ የሚወጣው ዘንግ ግን ከአምስት ወደ ሁለት ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የስለቱ ወጪ ወደ 50 ብር ከፍ ይልና ጠቅላላው የቆረጣ ወጪ ከ209 ወደ 223 ብር ይወጣል። ትርፉም ከ41 ወደ 27 ብር ይወርዳል። የሥራ ቤቱ ከቀድሞው ይበልጥ ተጣድፎ፣ በቀን ሁለት ዘንግ ጨምሮ እያወጣ፣ ከቀድሞው ያነሰ ያተርፋል ማለት ነው።

መጽሐፉ ዋሽቷልን? አልዋሸም። የሠራተኛና የመኪና ሰዓት ከእኛ አሥር እጥፍ በሚያስወጣበት አገር ያው ሥራ ቢሠራ፣ የ15 ደቂቃው ፍጥነት ወጪውን ከ1,874 ወደ 1,780 ብር ያወርደዋል። እዚያ ውድ የሆነው ሰዓት ነው፤ እዚህ ግን ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የመጣው ስለት ነው። በ1950 ዓ.ም. ዊልያም ጊልበርት የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ የቴይለርን ሕግ ይዘው ከሁሉ ያነሰ ወጪ የሚገኝበትን የስለት ዕድሜ ማስላት የሚቻልበትን መንገድ አሳይተዋል። ለካርባይድ በግምት ሲሠራ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የአንዱን ጫፍ ዋጋ በመኪናው የደቂቃ ወጪ አካፍሎ፣ ጫፉን ለመለወጥ የሚፈጀውን ደቂቃ ደምሮ፣ በሦስት ማባዛት ነው። በምሳሌው 120 ለ10 ሲካፈል 12፣ ሁለት ተኩል ሲደመር 14 ተኩል፣ በሦስት ሲባዛ 43 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። እንግዲህ በልማድ የሠራው ባለ ቶርኖ በ40 ደቂቃው ከእውነቱ ብዙም አልራቀም ነበር።

ይህ ሂሳብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አስቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የስለቱ ዋጋ እጥፍ ሆኖ የሰዓቱ ወጪ ባለበት ቢቆይ፣ ከሁሉ የሚሻለው ዕድሜ ከ43 ወደ 79 ደቂቃ ተኩል ከፍ ይላል፤ ይህም ማለት ፍጥነቱን ከመቶ 14 እጅ ያህል መቀነስ ይጠቅማል ማለት ነው። በሌላ በኩል አዲስ መኪና በአዲሱ ምንዛሪ የገዛ ባለቤት የሰዓት ወጪው ራሱ ስለሚያድግ ወደ ቀድሞው ፍጥነት ይመለሳል። ትእዛዝ ተትረፍርፎ ወረፋ በተያዘበት ወቅት ደግሞ ስለትን መሠዋት ይገባ ይሆናል፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ሰዓት የሚያስወጣው ወጪውን ብቻ ሳይሆን የሚቀረውንም ሽያጭ ነው።

ፍጥነት ይህን ያህል አጣብቂኝ ከሆነ፣ ቀድሞ የሚመረመረው እርምጃው ነው፤ ይኸውም ብረቱ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ስለቱ ወደ ፊት የሚራመድበት መጠን ነው። የቁረጡ ጥልቀትና እርምጃው የስለቱን ዕድሜ የሚጎዱት ፍጥነት የሚጎዳውን ያህል አይደለም። ስለዚህ የቆየው የሙያ ደንብ፣ መኪናው የቻለውን ያህል በጥልቅ ቁረጥ፣ ቀጥሎ እርምጃውን ጨምር፣ ፍጥነቱን በመጨረሻ አስተካክል ይላል። በምሳሌው እርምጃው ከ0.15 ወደ 0.25 ሚሊሜትር ቢያድግ መቁረጫው ጊዜ ከ8 ወደ 4 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ይወርዳል። የጫፉ ዕድሜ ከ40 ወደ 24 ደቂቃ ቢቀንስ እንኳ አሁንም አምስት ዘንግ ያወጣል። የስለቱ ወጪ ሳይለወጥ በአንድ ዘንግ 32 ብር ተገኘ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ የሚሆነው መኪናው ጕልበት ካለው፣ ዘንጉም ቀጭን ሆኖ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ ነው። የመጨረሻው ማለስለሻ ቁረጥም ለብቻው በትንሽ እርምጃ መሠራት አለበት፤ አለዚያ የዘንጉ ገጽ እንደ ሞረድ ይሻክራል፣ ገዢውም ይመልሰዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሰፊው ጕድጓድ ግን ስለቱ ምንም የማይቆርጥበት ጊዜ ነው። ከ18 ደቂቃ ተኩል ውስጥ ከአሥር የሚበልጠው ደቂቃ የሚያልፈው በማሰር፣ በመለካትና በመዘጋጀት ነው። ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺጌዎ ሺንጎ በ1950 ዓ.ም. በሂሮሺማ በሚገኘው የማዝዳ መኪና ፋብሪካ ይህን ጉዳይ ሲያጠኑ ያዩት ነገር ለብዙ የሥራ ቤት እንግዳ አይሆንም። የአንድ ትልቅ ብረት መጫኛ መኪና ቅርጽ ሊለወጥ ሲል ማሰሪያ ቡሎን ጎደለ። ሠራተኛው ሊፈልግ ሄዶ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ተመለሰ፤ በእጁ የያዘው ቡሎን ለሌላ መኪና የተዘጋጀ ረጅም ቡሎን ሆኖ፣ እርሱን ቆርጦ ጥርስ አውጥቶለት ነበር። መኪናው እስከዚያ ድረስ ቆሞ ነበር፤ በኋላም ያ ሌላው መኪና ቡሎኑን ሲፈልግ ምን እንደሚሆን ማንም አላሰበም። ሺንጎ ከዚህ ተነሥተው፣ መኪናው ሳይቆም ሊሠራ የሚችለውን ዝግጅት መኪናው ከቆመ በኋላ ብቻ ከሚሠራው መለየት እንደሚገባ አስተማሩ። በ1969 ዓ.ም. በቶዮታ ፋብሪካ አራት ሰዓት ይፈጅ የነበረውን የአንድ ባለ 1,000 ቶን መጫኛ መኪና ዝግጅት መጀመሪያ ወደ ሰዓት ተኩል፣ ኋላም ወደ ሦስት ደቂቃ ማውረድ ተችሏል።

በቶርኖ ቤት ይህ ማለት የሚቀጥለው ሥራ ሥዕል፣ ብረቱ፣ ስለቱ፣ ቁልፉና መለኪያው የአሁኑ ዘንግ ገና በመቆረጥ ላይ ሳለ በጠረጴዛ ላይ ተሰልፎ መገኘት ማለት ነው። ብረቱ በመጋዝ ተቈርጦ በልክ ቢቀርብ፣ ለርዝመቱም ማቆሚያ ቢበጅለት፣ ሠራተኛው ለያንዳንዱ ዘንግ ካሊፐር እያነሣ አይደክምም። ዝግጅቱ ከ60 ወደ 20 ደቂቃ፣ ማሰርና መለካቱም ከ7 ወደ 4 ደቂቃ ቢወርድ፣ ለአንድ ዘንግ 5 ደቂቃ፣ ማለት 50 ብር ይተርፋል። ለዚህ ከውጭ አገር የሚገባ ምንም ዕቃ አያስፈልግም። ከእርምጃው 32 ብር ጋር ሲደመር 82 ብር ነው፤ የቆረጣው ወጪ ከ209 ወደ 127 ብር፣ የሥራ ቤቱም ትርፍ ከ41 ወደ 123 ብር ይደርሳል። በስምንት ሰዓት የሚወጣው ዘንግ ከ25 ወደ 46 ይጨምራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ይህ ትርፍ የሚገኘው 46ቱም ዘንግ ገዢ ሲኖረው ነው። ገበያው የሚወስደው 25 ብቻ ከሆነ፣ የሠራተኛው ደመወዝና የቤቱ ኪራይ ያው ስለሆነ፣ የተረፈው ሰዓት በመቀመጥ ያልፋል፤ በወረቀት ላይ የታየውም 82 ብር አብዛኛው ወደ ኪስ አይገባም። ከዚህ የባሰው፣ የማይሸጥ ዘንግ ሠርቶ በመጋዘን መከመር የብረቱን ገንዘብ ማሰር ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሰዓቱን ከማስለቀቁ በፊት ወይም አብሮ፣ የተለቀቀውን ሰዓት የሚሞላ ትእዛዝ መፈለግ አለበት። መለዋወጫ ሻጩ ነጋዴ የሚገባው እዚህ ነው፤ ከውጭ አገር ከሚያስመጣቸው ቀላል መለዋወጫዎች ውስጥ የትኞቹን በአገር ውስጥ ቶርኖ ቤት ማሠራት እንደሚያዋጣው ያለው የሽያጭ መዝገብ ይነግረዋል።

ስለት አስመጪውም ከዋጋ በቀር ሊመለከታቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ካርባይድ ሁሉ አንድ አይደለም። በዓለም አቀፉ የደረጃ ስምምነት መሠረት በሰማያዊ ቀለም ፒ የተባለው ለተራ ብረት፣ በቢጫ ኤም የተባለው ለማይዝግ ብረት፣ በቀይ ኬ የተባለው ለቀለጠና ለተጣለ ብረት የተዘጋጀ ነው። ለአንዱ የታሰበውን ለሌላው የሸጠ ነጋዴ በዋጋ ቢያረክስም ደንበኛውን አልጠቀመም። በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ምልክትም ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም፤ ሲ ኤን ኤም ጂ 120408 የሚለው፣ ለምሳሌ፣ በሁለት ፊት የሚሠራ አራት ጫፍ ያለው፣ የጠርዙ ርዝመት 12 ሚሊሜትር ገደማ፣ የጫፉ ክብነት 0.8 ሚሊሜትር የሆነ ስለት ማለት ነው። ሻጩ ይህን ማንበብ ከቻለ፣ ገዢውም ስለ ምን ብረት እንደሚሠራ ከጠየቀው፣ ስሕተቱ በሱቁ ውስጥ ይታረማል።

የዋጋውም አዝማሚያ መታየት አለበት። ካርባይድ የሚሠራው ከተንግስተን ሲሆን ከዓለም ተንግስተን አብዛኛው የሚወጣው ከቻይና ነው፤ ቻይናም በየካቲት 2025 (እንደ አውሮፓውያን) በአንዳንድ የተንግስተን ዕቃዎች ወደ ውጭ መላክ ላይ የፈቃድ ቁጥጥር አድርጋለች። በዚህ ምክንያት ያለቀው ስለት ራሱ ዋጋ አለው፤ ያገለገለ ካርባይድ በክብደት እየተገዛ እንደገና ለሥራ ይውላል። የሥራ ቤቶች ያለቁትን ጫፎች በቆርቆሮ እየሰበሰቡ ለአስመጪው ቢመልሱ፣ አስመጪውም በኪሎ መዝኖ ዋጋውን ከሚቀጥለው ግዢ ላይ ቢያስብላቸው፣ ብዙ ሥራ ቤቶች ያጠራቀሙት አንድ ላይ ሆኖ ለውጭ ገዢ የሚላክ ክብደት ሊሆን ይችላል። ከብረት ፍቅፋቂው ጋር ተደባልቆ የተጣለው ግን በተራ ቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ይሄዳል።